በ48 ሰዓት የሚሞተው ዲስክ፦ ፋይልን «ጊዜህ አልፏል» ማለት ለምን ከባድ ሆነ?

እስቲ ዲቪዲ ማከራየት የደራበትን ዘመን አስቡ። የምትኖሩት ጎረቤላ ነው። ለቅዳሜ ማታ የሚሆን ፊልም ደብረ ብርሃን ካለ ቪዲዮ ቤት ተከራያችሁ። መታወቂያችሁን አስይዛችኋል፤ ኪራዩ የአንድ ቀን ነው። ማታ ቤተሰቡ ተሰብስቦ አየው፣ ተሳቀ፣ አለቀ። ችግሩ የሚመጣው በማግስቱ ነው። ሲዲው መመለስ አለበት። ለአንዲት ስስ ፕላስቲክ ሲባል 40 ኪሎ ሜትር ገደማ መሄድና ያንኑ መመለስ፣ የአንኮበርን ጭጋግ ጨምራችሁ። ትራንስፖርቱ ከኪራዩ ይበልጣል። ዛሬ ይቅር ካላችሁ ደግሞ ቅጣቱ በየቀኑ ይቆጥራል፤ መታወቂያችሁም እዚያው ነው።

ይህ ጣጣ የጎረቤላ ሰው ብቻ አልነበረም። አሜሪካኖቹም ሲዲ መመለስ ይሰለቻቸው ነበር። እናም አንዳንድ መሐንዲሶች እንዲህ ብለው ጠየቁ፦ ሲዲው ጭራሽ መመለስ ባያስፈልገውስ? ከታየ በኋላ እዚያው ቤት ውስጥ በራሱ ቢሞትስ?

ሠሩትም። እ.ኤ.አ. በ2003 የዲዝኒ ኩባንያ «ኢዚ-ዲ» የተባለ ዲቪዲ በአራት የአሜሪካ አካባቢዎች ለሙከራ ለገበያ አቀረበ። ቴክኖሎጂው ፍሌክስፕሌይ ይባላል። ዲስኩ አየር በተሳበበት ማሸጊያ ውስጥ ይሸጣል። ማሸጊያውን ከቀደዳችሁበት ሰዓት ጀምሮ 48 ሰዓት አላችሁ። ከዚያ በኋላ ማጫወቻው ውስጥ ብትከቱት «ዲስክ የለም» እንደማለት ነው፤ አያነበውም። መመለስ የለም፣ ቅጣት የለም። ቆሻሻ ውስጥ ትጥሉታላችሁ፣ በቃ።

አሁን ወደ ጥሩው ክፍል እንምጣ። ዲስኩ 48 ሰዓት ማለፉን በምን አወቀ? ውስጡ ሰዓት የለም፣ ባትሪ የለም፣ ኮምፒውተርም የለም።

ያለው ቀለም ነው። ተራ ዲቪዲ እያንዳንዳቸው 0.6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ሁለት የፖሊካርቦኔት ፕላስቲኮች በሙጫ ተጣብቀው የሚሠራ ነገር ነው። ፍሌክስፕሌይ ላይ ሌዘሩ መረጃው ጋ ለመድረስ በዚያ ሙጫ ውስጥ ማለፍ አለበት። ሙጫው ውስጥ ደግሞ ሉኮ ሜቲሊን ብሉ የሚባል ውህድ አለ። ይሄ ውህድ ቀለም የለውም፤ ብርሃን ያሳልፋል። ነገር ግን ኦክስጅን ሲያገኘው ኦክሳይድ ይሆንና ወደ ሜቲሊን ብሉ ይለወጣል፤ ያ ደማቅ ሰማያዊ ነው። ፖሊካርቦኔት ለዓይን ድፍን ይምሰል እንጂ ኦክስጅን ቀስ እያለ ይሰርገዋል። ማሸጊያው ሲቀደድ የአየሩ ኦክስጅን ፕላስቲኩን አልፎ ወደ ሙጫው ጉዞ ይጀምራል። ዲስኩ እየጠቆረ ይሄዳል።

ታዲያ ሰማያዊ ቢሆን ምን አለበት? የዲቪዲ ሌዘር ቀይ ነው፤ የሞገድ ርዝመቱ 650 ናኖሜትር ነው። ሜቲሊን ብሉ ሰማያዊ ሆኖ የሚታየን ሰማያዊውን አሳልፎ ቀዩን ስለሚውጥ ነው። በተለይ አጥብቆ የሚውጠው ከዚያው ከ650 ብዙም የማይርቀውን ቀይ ነው። ስለዚህ ሌዘሩ ሄዶ አይመለስም። ማጫወቻው ከዲስኩ የሚመለስለትን ብርሃን እያነበበ ነው የሚሠራው፤ ብርሃን ካልተመለሰለት ለእሱ ዲስክ የለም። ፊልሙ ግን አልጠፋም! እያንዳንዱ ጉድጓድ በቦታው አለ። የጨለመው መስኮቱ ብቻ ነው። ሌላው የሚገርመው ነገር፣ ይህ ዘዴ የብሉሬይ ዲስክ ላይ አይሠራም። የብሉሬይ ሌዘር 405 ናኖሜትር ስለሆነ ሜቲሊን ብሉ ብዙም አይውጠውም፤ ቀለሙን አልፎት ይሄዳል።

ይህን ለውጥ በዓይናችሁ ማየት ትችላላችሁ። «ሰማያዊ ጠርሙስ» የሚባል የታወቀ የኬሚስትሪ ሙከራ አለ። ግሉኮስ፣ ኮስቲክ ሶዳና ጥቂት ጠብታ ሜቲሊን ብሉ ውሃ ውስጥ ይደረጋል። ጠርሙሱን ስታስቀምጡት ግሉኮሱ ቀለሙን ያነጣዋል፤ ስትንጡት አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይገባና ሰማያዊ ይሆናል። እንደገና ስታስቀምጡት ይነጣል። (ኮስቲክ ሶዳ ዓይንና ቆዳ ያቃጥላል፤ ከመምህር ጋር፣ በላብራቶሪ፣ በጓንትና በመነጽር ብቻ።) ዲስኩ ላይ ግን ግሉኮስ የለም። ስለዚህ አንዴ ከጠቆረ ጠቆረ ነው። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ እንፈልጋታለን፦ ወደኋላ የማይመለስ ለውጥ።

በነገራችን ላይ አንድ ስሌት እንሥራ። ደብረ ብርሃን ከባህር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚያ የአየሩ ግፊት የባህር ጠለሉ 71 በመቶ ያህል ነው፤ ኦክስጅኑም በዚያው ልክ ያንሳል። የቀለሙ ለውጥ ፍጥነት ከኦክስጅኑ ጋር እኩል ይቀንሳል ብለን ብንነሳ፣ በባህር ዳርቻ ከተማ 48 ሰዓት የሚኖረው ዲስክ ደብረ ብርሃን ላይ ወደ 67 ሰዓት ይጠጋል። ብርዱም ኬሚካላዊ ለውጥን ስለሚያዘገይ ትንሽ ይጨምርለት ይሆናል። ይህ የወረቀት ስሌት ነው፤ ዲስኩን ይዞ ደብረ ብርሃን የሞከረ ሰው ስለመኖሩ አልሰማሁም። ግን ሰዓት የሚመስለው ነገር ሰዓት እንዳልሆነ ጥሩ አድርጎ ያሳያል።

ኢዚ-ዲ ገበያ አልቀናውም። ሰው አንድ ጊዜ ለማየት ሰባት ዶላር የሚጠጋ መክፈል አልፈለገም፤ የአካባቢ ተቆርቋሪዎችም «በ48 ሰዓት ቆሻሻ የሚሆን ፕላስቲክ» እያሉ ተቃወሙ። እ.ኤ.አ. በ2008 በሌላ ሻጭ በኩል እንደገና ቢሞከርም ብዙ አልቆየም። ከሁሉም በላይ ደግሞ የማይዘጋ ቀዳዳ ነበረበት። ዲስኩ 48 ሰዓት ይነበባል አይደል? ፊልሙን ወደ ኮምፒውተር ለመገልበጥ ግን አንድ ሰዓትም አይፈጅም። ፕላስቲኩ ሲሞት ቅጂው በሕይወት አለ።

ፋይል እንደ አሞሌ አያልቅም

እዚህ ላይ ነው ጉዳዩ ከኬሚስትሪ የሚወጣው። ከአንኮበር ዝቅ ብላችሁ ወደ አልዩ አምባ ውረዱ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ እዚያ ገበያ ላይ እንደ ገንዘብ ከሚያገለግሉት ነገሮች አንዱ አሞሌ ነበር፤ የጨው ጡብ። አሞሌ በተጠቀማችሁበት ቁጥር ያልቃል። ጠርዙ ይፈረፈራል፣ እርጥበት ያሟሟዋል፣ እጅ በለዋወጠ ቁጥር ይሳሳል። የተሸራረፈ አሞሌ ዋጋው ይወርዳል። ማንም «ጊዜህ አልፏል» አላለውም፤ የተሠራበት ነገር ራሱ ያረጃል።

የሙዚቃ ካሴትም ወንድሙ ነው። ከካሴት ካሴት ሲቀዳ ድምፁ በየትውልዱ ይደበዝዛል፤ የቅጂ ቅጂ የሆነውን ስትሰሙ ከዘፋኙ ይልቅ ሹክሹክታው ይበልጣል። ዘፋኙ ባይወደውም ተፈጥሮ ራሷ ልክ አበጅታለት ነበር።

ፋይል ግን ቁጥር ነው። ስልካችሁ ላይ ያለው ዘፈን ረጅም የዜሮና የአንድ ሰልፍ ነው እንጂ ሌላ ምንም አይደለም። 7 ቁጥርን ከደብተር ደብተር ብትገለብጡ ሁለተኛው 7 ከመጀመሪያው አያንስም። ሺህኛውም አያንስም። ሙዚቃ ቤት ሄዳችሁ ሚሞሪ ላይ ዘፈን ስታስጭኑ የምትወስዱት ደብዛዛ ቅጂ አይደለም፤ ራሱ ነው። ለሰሚ ደስ ይላል። ዓመት ሙሉ ስቱዲዮ ውስጥ ለከረመ ሙዚቀኛ ደግሞ ራስ ምታት ነው።

እሺ፣ አንድ ዘፋኝ «ይህን ዘፈን አሥር ጊዜ ብቻ ስሙት፣ ከወደዳችሁት ግዙኝ» ማለት ፈለገ እንበል። ምን ያድርግ? ፋይሉ ውስጥ «10» ብሎ ይጻፍ፤ በተሰማ ቁጥር አንድ ይቀነስ፤ ዜሮ ሲሆን ይዘጋ። ጥሩ ሐሳብ ይመስላል።

እስቲ እናንተ ስበሩት። አንድ ደቂቃ ስጡት።

ቀላል ነው፦ ከመስማታችሁ በፊት ፋይሉን ፍላሽ ላይ ገልብጣችሁ አስቀምጡ። አሥር ጊዜ ሰምታችሁ ሲዘጋ ከፍላሹ መልሱት። እንደገና 10 ነው። ቆጣሪው ፋይሉ ውስጥ ስለሆነ ከፋይሉ ጋር አብሮ ይገለበጣል።

ከዚህ የከፋ ችግርም አለ። ቀናሹ ማን ነው? ፋይል ራሱ ምንም አይሠራም። እንደ ወጥ አሠራር ጽሑፍ ነው፤ ጽሑፉ ሽንኩርት አይከትፍም። የሚቀንሰው የማጫወቻው ፕሮግራም ነው። ታዲያ የማይታዘዝ ሌላ ማጫወቻ ብትከፍቱበትስ? ቆጣሪውን ከቁም ነገር ሳይቆጥር ያጫውተዋል። ስለዚህ ባለቤቱ ፋይሉን በምስጠራ መቆለፍና ቁልፉን ለታዛዥ ማጫወቻዎች ብቻ መስጠት አለበት። ማጫወቻው ግን ያለው እናንተ ቤት ነው። ይህ ማለት ሳጥን ቆልፎ ቁልፉን እዚያው ክፍል ውስጥ ደብቆ መሄድ ነው። ፈላጊ ጊዜ ካለው ያገኘዋል።

አገኘውም። ዲቪዲዎች ሲወጡ ሲኤስኤስ በሚባል ምስጠራ ተቆልፈው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 የ15 ዓመቱ ኖርዌያዊ ዮን ሌክ ዮሃንሰን ስማቸው ካልተገለጸ ሁለት ሰዎች ጋር ሆኖ ቁልፉን የሚከፍት ፕሮግራም ለቀቀ። ከኮምፒውተር ማጫወቻ ፕሮግራሞች አንዱ ቁልፉን በደንብ አልደበቀውም ነበር። ልጁ ተከሰሰ፤ በ2003 ግን የኖርዌይ ፍርድ ቤቶች በነጻ አሰናበቱት። የከፈተው የራሱን ዲስክ ነው ብለው።

ሰዓቱን ወደኋላ ማዞር

በአሥር ጊዜ ፈንታ «30 ቀን» ብንልስ? የሙከራ ፕሮግራሞች እንዲህ ያደርጋሉ። ብዙዎቻችሁ መልሱን ታውቁታላችሁ፦ የስልኩን ቀን ወደኋላ ማዞር። (እኛማ ዓመተ ምሕረታችን ራሱ ሰባት ዓመት ወደኋላ ነው፤ ለፕሮግራሙ ግን ይሄ አይገባውም።) ፕሮግራመሮቹም ነቁ። ፕሮግራሙ በተከፈተ ቁጥር የመጨረሻውን ቀን ይመዘግባል፤ ዛሬ ከትናንት ካነሰበት ተጭበርብሬአለሁ ይላል። ሰው ደግሞ ፕሮግራሙን አጥፍቶ እንደገና ይጭናል። ማስታወሻው አብሮ ይጠፋል። እንዲህ እያለ ይቀጥላል።

የድመትና አይጡ ሩጫ የሚቆመው መቼ ነው? ሁለት ቦታ ላይ ብቻ ይመስለኛል።

አንደኛው፣ ወደኋላ የማይመለስ ነገር ሲገኝ ነው። ያቺን ያዙልኝ ያልኳችሁን አስታወሳችሁ? የተቀቀለ እንቁላል ጥሬ አይሆንም፤ የጠቆረው ሙጫ አይነጣም። ኤሌክትሮኒክስ ውስጥም ይህን የሚሠራ ነገር አለ፦ ቺፕ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ፊውዞች። እንደ ኤክስቦክስ 360ና ኒንቴንዶ ስዊች ያሉ የጌም ማሽኖች ሲስተማቸው በታደሰ ጊዜ አንዳንዱን ፊውዝ ሆን ብለው ያቃጥላሉ። ማሽኑ የተቃጠሉትን ይቆጥርና ወደ አሮጌው ሲስተም ልመለስ ስትሉት እምቢ ይላል። የተቃጠለ ፊውዝ ኮፒ ተደርጎ አይመለስም፤ ቁጥር ሳይሆን ብረት ነውና።

ሁለተኛውን ሁላችሁም በእጃችሁ ይዛችሁት ታውቃላችሁ፦ የሞባይል ካርድ። ፋቅ ፋቅ አድርጋችሁ ቁጥሩን አገኛችሁ። አሁን ያንን ካርድ መቶ ጊዜ ፎቶ ኮፒ አድርጉት፣ ለጓደኞቻችሁ ሁሉ አድሉት። መጀመሪያ *805* ብሎ የሞላው ሰው ብሩን ይወስዳል፤ ሌሎቹ ዘጠና ዘጠኙ ባዶ ወረቀት ያዙ። ወረቀቱ አልተለወጠም። ቁጥሩም አልተለወጠም። የተለወጠው ቴሌ ጋ ያለው መዝገብ ነው፦ «ይህ ቁጥር ተሞልቷል»። መዝገቡ እናንተ እጅ ስላልሆነ ልትገለብጡትም፣ ወደኋላ ልታዞሩትም አትችሉም። ገንዘብ ስታንቀሳቅሱ በኤስኤምኤስ የሚመጣላችሁ የአንድ ጊዜ ቁጥርም ዘዴው ይኸው ነው።

እንግዲህ ነገሩ ወደዚህ ይጠቀለላል፦ ፋይል አይሞትም። እንዲሞት ከተፈለገ ሞቱን ሌላ ቦታ ማስቀመጥ ግድ ነው፤ ወይ የማይመለስ ቁስ ላይ፣ ወይ የሌላ ሰው መዝገብ ላይ። ዛሬ ከኢንተርኔት «አውርዳችሁ» የምታዩት ፊልም ከተወሰነ ቀን በኋላ አልከፍትም የሚለው በሁለተኛው መንገድ ነው። ፊልሙ ስልካችሁ ላይ እንደተቆለፈ አለ፤ ቁልፉን የሚያድሰው ሰርቨሩ ነው።

መዝገቡ ሲዘጋ

ግን ሌላ ጥያቄ ተከተለን። መዝገብ ያዡ ሱቁን ቢዘጋስ?

ከፍሌክስፕሌይ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ ሰርኪት ሲቲ የተባለው የአሜሪካ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ «ዲቪክስ» የሚባል ዲስክ ጀምሮ ነበር፤ እ.ኤ.አ. 1998። ዲስኩ አራት ዶላር ተኩል ያህል ነበር። ከመጀመሪያው ጨዋታ በኋላ 48 ሰዓት ታዩበታላችሁ፤ ከዚያ ማየት ከፈለጋችሁ እንደገና ትከፍላላችሁ። ማጫወቻው በቤት ስልክ መስመር ማታ ማታ ወደ ኩባንያው እየደወለ ሒሳቡን ያወራርዳል። ተጨማሪ ከፍሎ ዲስኩን ለዘለዓለም የራስ ማድረግም ይቻል ነበር። በ1999 ሰኔ ላይ ሥራው ተቋረጠ፤ በ2001 ደግሞ ሰርቨሩ ጨርሶ ተዘጋ። ያን ጊዜ ዲስኮቹ ሁሉ አብረው ሞቱ። ቀለም ሳይጠቁር፣ ፊውዝ ሳይቃጠል፤ ስልክ የሚያነሳ ስለጠፋ ብቻ።

እኔ በበኩሌ ኪራይ ነው ተብሎ ኪራይ ቢሆን ቅር አይለኝም። ቪዲዮ ቤቱም ያከራየን ነበር። የሚያስከፋኝ «ግዛ» የሚል ቁልፍ ተጭኜ የተከራየሁ ሲሆን ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2009 አማዞን በኪንድል ማንበቢያ የሸጣቸውን ሁለት መጻሕፍት ከገዢዎች መሣሪያ ላይ በርቀት አጠፋ። ያቀረባቸው ሻጭ መብቱ አልነበረውም ተብሎ ነው፤ ገንዘቡም ተመልሷል። አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ግን ለትምህርት ቤት ሥራ ከገጽ ገጽ የጻፈው ማስታወሻ መጽሐፉ ሲጠፋ ትርጉም አልባ ሆነበትና ከሰሰ። የኩባንያው መሪ ጄፍ ቤዞስ ይቅርታ ጠየቀ። ከጠፉት አንዱ የጆርጅ ኦርዌል «1984» ነበር፤ መንግሥት የማይፈልገውን ጽሑፍ ወደ እሳት ስለሚጥልበት ዓለም የሚያወራው መጽሐፍ! ይህን ማንም ደራሲ አስቦ ቢጽፈው አጋነነ ይባል ነበር።

ታዲያ ማንም መዝገብ ያዥ የሌለበት መንገድ የለም ወይ? በዚያው በ2009 የዋሺንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንድ የሚያምር ነገር ሞከሩ። ስሙ «ቫኒሽ» ነው። መልእክቱን ቆልፈው ቁልፉን ይሰባብሩታል፤ ስብርባሪውን ደግሞ የማያውቋቸው በዓለም ዙሪያ የተበተኑ ኮምፒውተሮች ላይ ይበትኑታል።

ቁልፍ እንዴት ይሰበራል? አዲ ሻሚር እ.ኤ.አ. በ1979 ያሳየው መንገድ ነው፤ የዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ ይበቃዋል። ምስጢሩ 7 ነው እንበል። በ7 ላይ የምታልፍ መስመር ሥሩ፦ y = 3x + 7። አሁን ከመስመሩ ላይ ነጥቦች ለተለያየ ሰው ስጡ፦ ለአንዱ (1፣ 10)፣ ለሌላው (2፣ 13)፣ ለሦስተኛው (5፣ 22)። አንድ ነጥብ ብቻ የያዘ ሰው ምንም አያውቅም፤ በአንድ ነጥብ ላይ የሚያልፉ መስመሮች ማለቂያ የላቸውም። ሁለቱ ከተገናኙ ግን መስመሩን ስበው 7ን ያገኛሉ።

ይህን ጎረቤላ ገበያ ላይ አስቡት። ቁርጥራጮቹን በገበያ ቀን ለማታውቋቸው ሰዎች አደላችሁ። ጠዋት ሁለት ሦስቱን ማግኘት ቀላል ነው። ሲመሽ ግን አንዱ ወደ ደጋ፣ አንዱ ወደ ቆላ ይበተናል፤ ወረቀቱንም ይጥላል። በቂ ቁራጭ የሚያገኝ ሰው የለም፤ ላኪው ራሱም ቢሆን። ቫኒሽ ውስጥ ይህ በስምንት ሰዓት አካባቢ ይሆን ነበር። ሆኖም ዓመት ሳይሞላው ሌሎች ተመራማሪዎች ሰበሩት። ገበያውን በራሳቸው ሰዎች ሞሉት፤ ማለትም አንድ ማሽን ብዙ ኮምፒውተር መስሎ ገብቶ የሚታደለውን ሁሉ ከመበተኑ በፊት ገለበጠ።

ይህ ሁሉ እውቀት አንድ የስልክ ካሜራ ፊት ለፊት ሲቆም ደግሞ ምንም ነው። ዋትስአፕ ከ2021 ጀምሮ «አንድ ጊዜ ብቻ የሚታይ» ፎቶ መላክ ያስችላል። ጥሩ ነገር ነው፤ ፎቶው በየስልኩ ሳይከማች ይቀራል። ነገር ግን ተቀባዩ ሌላ ስልክ አውጥቶ ስክሪኑን ካነሳው ያ ፎቶ ከዚያ በኋላ እንደማንኛውም ፎቶ ነው። ዓይን የሚያየውን ካሜራም ያያል። ስለዚህ «አንድ ጊዜ» የሚለው ቃል የተቀባዩን ጨዋነት የሚጠይቅ ነው እንጂ የሒሳብ ዋስትና የለውም። ማንም «ይጠፋል፣ ላኪው» ቢላችሁ ይህን አስታውሱ።

የማያልቀው ቁልፍ

ሕጉስ? በኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ከዚያ ሥራው የሁላችን ነው። ልብ በሉ፣ ሕጉ እንዲያልቅ ያደረገው መብቱን ነው። ምስጠራው ግን ሕግ አያነብም። ደራሲው ከሞተ በ51ኛው ዓመት ቁልፉ እንደተቆለፈ ነው፤ ቁልፍ ያዡ ኩባንያም ያኔ ስለመኖሩ ማን ይምላል?

የሙዚቀኞቹን ወገንም መርሳት የለብንም። ሥራቸው ሚሞሪ ላይ በሳንቲም ሲጫን እነሱ ጋ የሚደርስ ነገር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2019 ኤልያስ መልካን ጨምሮ በሙዚቀኞች የተመሠረተው አውታር የሙዚቃ መተግበሪያ ሥራ የጀመረው ለዚህ ነው፤ ዘፈኑን በስልክ ሽጦ ድርሻውን ለባለቤቱ ለማድረስ። ለሠራ ሰው መክፈል ተገቢ ነው። ጥያቄው ገንዘቡን ለመሰብሰብ የምንሠራው ቁልፍ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ማንን ይቆልፋል የሚለው ነው።

ይህን የምለው በአንድ ታሪክ ምክንያት ነው። አመሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አመሃ ሬከርድስን መሥርቶ የእነማህሙድ አህመድን፣ የእነሙላቱ አስታጥቄን ሥራ በሸክላ አሳተመ። ደርግ ሲመጣ ድርጅቱ ተዘጋ፣ እሱም ተሰደደ። ሸክላዎቹ ግን በየሰው ቤት ቀሩ። በ1980ዎቹ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ አንድ ጓደኛው ይዞት የመጣውን የማህሙድን ሸክላ ሰማ፤ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮም «ኢትዮፒክስ» በሚል ተከታታይ አሳተማቸው። ዓለም ያን ዘመን ሙዚቃችንን በስፋት የሰማው በዚህ ነው። ያ ሸክላ እንደ ዲቪክስ ወደ ኩባንያው ስልክ መደወል ቢኖርበት ኖሮ፣ አዲስ አበባ ውስጥ በ1975 ስልኩን የሚያነሳ አልነበረም።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ፋይል አያረጅም አልኩ፤ ዕቃው ግን ያረጃል። ሚሞሪና ፍላሽ መረጃን የሚይዙት ጥቃቅን ክፍሎች ውስጥ በታሰረ የኤሌክትሪክ ሙላት ነው። ሙላቱ በዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ ይሾልካል፤ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦም ቢሆን። በተጻፈና በተሰረዘ ቁጥርም ክፍሎቹ ይደክማሉ። በቤት የሚቀዳው ሲዲም ቀለም አለው፤ ብርሃንና ሙቀት ያጠፉታል። ፋይልን በሕይወት የሚያቆየው ከአሮጌ ዕቃ ወደ አዲስ ዕቃ መገልበጥ ብቻ ነው። የብራና መጻሕፍቶቻችንም እዚህ የደረሱት እንዲሁ ነው፤ አንዱ ሲያልቅ ጸሐፊው ተቀምጦ ሌላ ብራና ላይ እየገለበጠ። የማይገለበጥ ተደርጎ የተቆለፈ ፋይል ማንም «48 ሰዓት» ባይለውም፣ ያለበት ሚሞሪ ያረጀ ቀን ጊዜው ያልፋል።

ቤት ውስጥ የአያታችሁ ድምፅ የተቀዳበት ካሴት ወይም የሠርግ ሲዲ ካለ፣ ዛሬ ማታ ማጫወቻ ፈልጉና ይጫወት እንደሆነ እዩት።